ደረጃውን ያልወጣው ወረቀት

ኢሬክ ሰው ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው በሩን ነው። ማጠፊያው ከላላ ወይም ሲዘጋ ከጮኸ፣ ገና ሰላም ሳይል ከኪሱ መፍቻ ያወጣል። ሙሉ ስሙ ኢሬኔውሽ ነው፤ እንደዚያ ብለው የሚጠሩት ግን እናቱና ዳኞች ብቻ ናቸው። ሊወስዱት ሲመጡ፣ ስፓልዲንግ ውስጥ አብረን መኖር ከጀመርን አስራ አራት ዓመት ሆኖን ነበር።

እዚህ ያለነው ፖላንዶች አብዛኞቻችን የምንሠራው አትክልት ማሸጊያ ውስጥ ነው። የእንግሊዝ ምድር እዚህ ላይ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ነው፤ በየማሳው ጥግ ቦይ ይሄዳል፤ ድንች፣ አበባ ጎመን፣ ባሮ ሽንኩርት ያበቅላል። እኔ ባሮ ሽንኩርት እቆርጣለሁ። እሱ የማጠቢያውን ማሽን ይጠግናል። የተዋወቅነውም ማሽኑ ተበላሽቶ ሥራው የቆመ ቀን ነው። እሱ ከማሽኑ ሥር በጀርባው ተኝቶ እግሩ ብቻ ይታይ ነበር።

«ፍጠን እንጂ፣ እጃችን በረዶ ሆነ እኮ» አልኩት።

«እኔ ከፈጠንኩ አንቺ ቶሎ መቆም ይኖርብሻል። ተቀመጪ፣ ቀስ ብዬ እሠራዋለሁ» አለኝ ከሥር ሆኖ።

በዚያው ተግባባን። ቤተ ክርስቲያን ሄደን አልተጋባንም፤ ዛሬ ነገ ስንል ቀረ። ልጃችን ኒኮላ ስትወለድ ግን የእሱን የቤተሰብ ስም ያዘች።

ኢሬክ የተወለደው ፖላንድ ውስጥ፣ ሊፖቮ ነው። ሊፖቮ የመንግሥት እርሻ ሠራተኞች መንደር ነበረች። አባቱ ትራክተር ነጂ ነበሩ። ሥርዓቱ ሲቀየር እርሻው ተዘጋ፤ ትራክተሮቹ ተሸጡ፤ ሰዉን የሚገዛ ስላልነበረ እዚያው ቀረ። አባቱ ከሥራ በወጡ በሦስተኛው ዓመት ሞቱ። በምን እንደሞቱ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፣ ማንም ግን አያነሳውም።

በሃያ ሁለት ዓመቱ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ከተዘጋው እርሻ የእህል ማድረቂያ ቤት ሦስት የኤሌክትሪክ ሞተር ነቅለው ወሰዱ። መዳቡን አውጥተው ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሸጡት። ቤቱ ጣሪያው የዛገ፣ መስኮቱ የወለቀ፣ ወፍ የሚያድርበት ነበር። ማንም አይፈልገውም ብለው ነው። ግን የመንግሥት ነበር፤ ነገሩም ሌብነት ነበር። ኢሬክ ራሱ ሌላ ስም ሰጥቶት አያውቅም። ፖሊስ ሲጠራው በእግሩ ሄዶ አመነ።

አንድ ዓመት ከስድስት ወር ተፈረደበት፤ በገደብ። አምስት ዓመት ሌላ ጥፋት ካላጠፋ አይታሰርም። የአመክሮ ተቆጣጣሪው ሲጠሩት ሊቀርብ፣ አድራሻ ሲቀይር ደግሞ ሊያሳውቅ ፈረመ። ተቆጣጣሪው መቀመጫቸው ከተማ ነበር። ለገጠሩ ሰው ሲባል ግን ማክሰኞ ማክሰኞ ሊፖቮ ወዳለው ቀበሌ ይመጡና ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ሰው ያነጋግሩ ነበር። ታች የቀበሌው መስኮት፣ ላይ የተቆጣጣሪው ክፍል፣ መሐል ላይ የእንጨት ደረጃ። የእኛ ነገር የተበላሸው እዚያ ደረጃ ላይ ነው።

በሃያ አምስት ዓመቱ እንግሊዝ አገር ለእኛ ሠራተኞች ክፍት ሆነ። የሊፖቮ ወጣት በአውቶቡስ እየተጫነ ሄደ። ስሄድ ላስመዝግብ ያለ አንድም አልነበረም። ኢሬክ ግን አሳውቃለሁ ብሎ ፈርሟል። አውቶቡሱ የሚነሳው ቅዳሜ ስለነበር ሐሙስ ዕለት ቀበሌ ሄዶ ተሰለፈ። ታችኛው መስኮት ላይ ቅጽ ሞላ። ወደ እንግሊዝ እሄዳለሁ፣ የማርፈው እዚህ ነው ብሎ፣ ቀድሞት ስፓልዲንግ የገባውን የጓደኛውን የቼሼክን አድራሻ ጻፈ። ጸሐፊዋ ተቀብላ ማኅተም መታች።

አብረውት የተጓዙት እስከ ጀርመን ድንበር ድረስ ሳቁበት። «ቀበሌ ሄደህ ተሰናበትክ? ታዲያ አበባ አልሰጡህም?»

እሱ ግን ታች የሰጠው ወረቀት ላይ ይደርሳል ብሎ ነበር። አንድ ሕንጻ፣ አንድ ዓይነት ማኅተም፣ ግድግዳው ላይ ያው አንዱ የመንግሥት አርማ ንስር። እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የማስበው። በልጅነታችን ቀበሌው ስለ አንድ ሰው ያወቀውን ፖሊሱም ቄሱም ሱቅ ሻጯም እስከ ማታ ድረስ ያውቁት ነበር። ኋላ ዘመኑ ተለወጠና መሥሪያ ቤቶቹ መነጋገር ተዉ። ይህን ለእኛ የነገረን የለም።

በዓመቱ ተቆጣጣሪው ጠሩት። ጥሪው በእናቱ ቤት አድራሻ ሁለት ጊዜ ተላከ። ፖስታ ቤት ሄዶ የተረከበ ሰው ስላልነበረ በሕጉ መሠረት እንደደረሰው ተቆጠረ። ገደቡ ተነሣ፤ ይታሰር ተባለ። ኢሬክ በዚያን ሰዓት ስፓልዲንግ ውስጥ ማሽን ሥር ተኝቷል።

ከዚያ በኋላ ያለው አስራ አምስት ዓመት እንደማንኛውም ሰው ኑሮ ነው፤ ብዙ የሚወራ የለውም። ኒኮላ ተወለደች። ፓስፖርቱ ጊዜው ሲያልፍ ለንደን ካለው ቆንስላችን ሄዶ፣ የስፓልዲንጉን አድራሻ ሞልቶ፣ አዲስ ወሰደ። እናቱን ለማየት ሁለት ጊዜ አገር ቤት ገባ፤ ድንበር ላይ ፓስፖርቱን ያየው ሰው «እንኳን ደህና መጣህ» ብሎ አሳለፈው። ከሁለተኛው ጉዞ በኋላ ኒኮላ ትምህርት ቤት ገባች፣ ሥራውም በዛና መሄዱ ቀረ። የሚፈልገው መንግሥት ፓስፖርት ሰጠው፤ ፓስፖርቱን በሰጠው በዓመቱ ደግሞ እንግሊዞች ይዘው እንዲያስረክቡት የእስር ማዘዣ አወጣ። ማዘዣውም የሆነ መሳቢያ ውስጥ ሰባት ዓመት ተኛ።

የተያዘው በስሙ ቀን ነው። እኛ ከልደት ይልቅ የምናከብረው የስም ቀንን፣ በስሙ የተሰየምንበትን ቅዱስ ቀን ነው። የአይብ ኬክ ጋግሬ እየጠበቅኩ ነበር። ኒኮላን ከትምህርት ቤት ይዞ ሲመለስ ከመኪናው የኋላ መብራቶች አንዱ አልበራም። የሰውን ሁሉ እያስተካከለ የራሱን ይተዋል። ፖሊሶች አስቆሙት፣ ስሙን ማሽናቸው ውስጥ አስገቡ፣ ከዚያ በኋላ መብራቱን ያነሳው የለም።

ኒኮላ ያኔ አስራ አንድ ዓመቷ ነበር። ሁሉንም ከኋላ ወንበር ሆና ሰምታለች።

«ታታ፣ ምን አጥፍተህ ነው?»

«ድሮ ነው የኔ ልጅ። አንቺ ሳትወለጂ።»

«ታዲያ አሁን ለምን?»

ኒኮላ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት መኪናውን ትዞርና መብራቶቹን አንድ በአንድ ታያለች። «አብራ!» ትለኛለች አባቷ ውስጥ እንዳለ ሁሉ። አበራለሁ።

ዘጠኝ ቀን ለንደን ታስሮ በዋስ ወጣ። ፓስፖርቱን ወሰዱ። ቁርጭምጭሚቱ ላይ መከታተያ አሰሩለት። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ከቤት አይወጣም፤ በሳምንት ሦስት ቀን ፖሊስ ጣቢያ ይፈርማል።

ቼሼክ ሊጠይቀው መጣና ሱሪውን ገለጥ አድርጎ አየው። «እንኳን ደስ ያለህ፣ ሰዓት ገዛህ። ግን እጅ ላይ መሰለኝ የሚታሰረው።»

«አራት ሰዓት ሲሆን ቤት ግባ ይለኛል» አለው ኢሬክ። «አንተን ሚስትህ ናት የምትልህ፤ እኔን ፕላስቲክ ነው። በዚህ እበልጥሃለሁ።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቼሼክ ሲወጣ ግን በሩ ላይ እጄን ይዞ «ዣኔታ፣ ይሰጡታል እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። ያኔ ቤታችን ውስጥ ሌላ ጥያቄ አልነበረም። ኢሬክ ከእኛ ጋር ይቀራል ወይስ አሳልፈው ይሰጡታል።

ከስምንት ወር በኋላ ለንደን ላይ ጉዳዩ ታየ። ኢሬክ በአስተርጓሚ መሰከረ። ለፖላንድ የቆመው የወዲያኛው ወገን ጠበቃ፣ አድራሻህን ማሳወቅ እንዳለብህ ታውቅ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀው። አውቅ ነበር አለ። ለምን አላሳወቅህም?

«አሳውቄያለሁ።»

«ለማን?»

«ለመሥሪያ ቤቱ።»

«ለየትኛው መሥሪያ ቤት?»

ኢሬክ ጥያቄው አልገባውም። «ለመንግሥት ነዋ» አለ።

ጠበቃው ከፖላንድ ፍርድ ቤት የተላከ ወረቀት አነበበ። ምንም ዓይነት ማሳወቂያ አልደረሰንም ይላል። ዳኛው ጻፉ። ውሳኔው ሲመጣ፣ ግዴታውን እያወቀ ሳያሳውቅ ከአገር ወጥቷል፣ ይህም ሽሽት ነው፤ የሸሸ ሰው ደግሞ ጊዜው ረዘመ ብሎ ሊከራከር አይችልም አሉ። ልጅቱንም በሚመለከት፣ ሐዘኗ አባት ሲታሰር ማንኛውም ቤተሰብ የሚደርስበት ተራ ሐዘን ነው አሉ። አስተርጓሚዋ «ተራ» የምትለዋን ቃል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረቻት። እኔ አልተቆጣሁም። ተራ ሰዎች ነን፤ ሐዘናችን ከየት መጥቶ ልዩ ይሆናል?

ጠበቃችን ፋርዛና የምትባል ለንደን ተወልዳ ያደገች ወጣት ናት። ይግባኝ አለች። መጀመሪያ አይሆንም አሏት፤ እንደገና ጠየቀች፤ ይሰማል ተባለ። ቀጠሮው ለሚቀጥለው ዓመት ሆነ። መጠበቅ ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ለበጋ ዕረፍት ዕቅድ አታወጣም። ያረጀ ሶፋ አትቀይርም። ኒኮላ አዲስ ትምህርት ቤት ስትመዘገብ «አባት» የሚለው ቦታ ላይ አድራሻውን ልጻፍ አልጻፍ ብዬ ቆምኩ።

ጎረቤታችን ሚስተር ሞሪስ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ለፍርድ ቤቱ ደብዳቤ ጻፉለት። «ይህ ሰው የጓሮዬን በር የጠገነው ከሰባት ዓመት በፊት ነው፤ በሩ እስከ ዛሬ አልጮኸም። ሻይ ሲጠጣ ሲኒውን ሳያጥብ አይሄድም። ስለ ሞተሮቹ የማውቀው የለኝም» የሚል ነው ሙሉው። ፋርዛና አንብባው ሳቀችና ከሁሉ ፊት አደረገችው።

አንድ ቀን ቢሮዋ ተቀምጠን ሳለ ባዶ ወረቀትና እርሳስ አቀበለችው።

«አቶ ኢሬኔውሽ፣ ያን ሕንጻ ይሳሉልኝ።»

«የቱን?»

«አሳወቅሁበት የሚሉትን።»

ሳለ። እጁ ማሽን መሳል ስለለመደ አሳምሮ ነው የሳለው። በር፣ መስኮት፣ ደረጃ፣ ላይኛዋ ክፍል።

«ታች ማን አለ?»

«ቀበሌው።»

«ላይስ?»

«ማክሰኞ ማክሰኞ የአመክሮ ተቆጣጣሪው።»

«እርስዎ የሄዱት በምን ቀን ነው?»

«ሐሙስ።»

«ሐሙስ ላይኛው ክፍል ሰው አለ?»

«የለም፣ ዝግ ነው።»

«ስለዚህ ወረቀቱን የሰጡት ለማን ነው?»

ኢሬክ እርሳሱን እንደያዘ ሥዕሉን ያይ ጀመር። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ማሽን ሲጠግን ስህተቱን ሲያገኝ እንደዚያ ይሆናል፤ ያኔ ግን ደስ ይለዋል። «ለፓኒ ቦዤና» አለ በመጨረሻ። ፓኒ ማለት በእኛ ወይዘሮ ነው። «ለታችኛዋ ጸሐፊ ነው የሰጠሁት። ታች የሰጠሁት ወደ ላይ ይወጣል ብዬ ነበር።»

ፋርዛና ወንበሯ ላይ ተደገፈች። «ይህ ስህተት ነው እንጂ ሽሽት አይደለም። የሸሸ ሰው የሚሄድበትን አድራሻ ጽፎ አይሄድም። ሽሽት ካልሆነ ደግሞ ያ ሁሉ ዓመት የሚቆጠረው ለእርስዎ ነው። ግን ቃል ብቻ አይበቃኝም። ወረቀቱ አለ?»

እሱ መሄድ አይችልም። ሄድኩ።

የኢሬክ እናት ጌኖቬፋ ይባላሉ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ዳሌያቸውን ኦፕራሲዮን ሆነው በምርኩዝ ይሄዳሉ። ደርሼ ገና ካፖርቴን ሳላወልቅ ፖሊስ ይመጣ እንደነበር ጠየቅኋቸው።

«ይመጣል እንጂ» አሉ። «በየሁለት ዓመቱ ይመጣል። የወፍጮ ቤቱ የስታሼክ ልጅ ነው፣ ጥሩ ልጅ ነው። ኢሬክ የት ነው ይለኛል። እንግሊዝ ነው እለዋለሁ። መቼ ይመጣል ይለኛል። ለፋሲካ መጥቶ ነበር፤ ሁለት ወር ቀደም ብትል ታገኘው ነበር እለዋለሁ። አድራሻውን ከገና ካርዱ ጀርባ ገልብጬ ሰጠሁት፤ ስልኩንም። ኬክ በላና ሄደ።»

«ለኢሬክ ለምን አልነገሩትም ታዲያ?»

«ምን ብዬ? ፖሊስ ኬክ በላ ብዬ? ያለበትን አውቀዋል። ከፈለጉት ይጽፉለታል አልኩ።»

ኢሬክ ምንም አይጠረጥርም ነበር ብዬ አልምልም። አንድ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። «አንዳንዴ ይከነክነኝ ነበር። ግን አድራሻዬ አላቸው፣ ከፈለጉኝ ይጠሩኛል እላለሁ» አለኝ። እናትና ልጅ በማይተያዩበት አገር ተቀምጠው ያሰቡት አንድ ነገር ነው።

በማግሥቱ ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሱትን ካፖርት ለብሰው አብረውኝ ቀበሌ ሄዱ። ፓኒ ቦዤና አሁንም እዚያው መስኮት ላይ ናት፤ ጡረታዋ ሊደርስ ዓመት ቀርቶታል። ከኢሬክ ያመጣሁትን ውክልና ዘረጋሁላት። በእንግሊዝኛ ነው።

«ይህ በመሐላ መተርጎም አለበት» አለች። «ደግሞስ እርስዎ ሚስቱ ነዎት?»

«አልተጋባንም።»

«እንግዲያ ምኑም አይደሉም ማለት ነው። ይቅርታ፣ ሕጉ ነው።»

መሟገት አልችልበትም። ወረቀቴን ማጠፍ ጀመርኩ። ጌኖቬፋ ምርኩዛቸውን መስኮቱ ደፍ ላይ አጋደሙ።

«ቦዤንካ፣ እኔስ? እኔም ምኑም አይደለሁ?»

«ፓኒ ጌኖቬፋ፣ እርስዎ እናቱ ነዎት፣ ግን እሱ ትልቅ ሰው ነው…»

«ቤቱ የማነው?»

«የእርስዎ።»

«በቤቴ ማን ተመዝግቦ እንዳለ፣ ማን እንደወጣ መጠየቅ አልችልም? ወይስ ለዚያም እንግሊዝኛ ልማር?»

ከኋላችን የተሰለፉት ሳቁ። ቦዤና ቀላች። «እሱንስ ይችላሉ» አለች። «ግን ያን ጊዜ የሞላው ቅጽ ተቃጥሏል። አስር ዓመት ካለፈው እናቃጥላለን።»

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ቦዤና አየችኝ፤ አሮጊቷን አየች፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ገባች። ረጅም ጊዜ ቆየች። ስትመለስ ጠርዙ የቆሸሸ ወፍራም ካርድ ይዛለች። የእያንዳንዱ ነዋሪ ካርድ አለ፤ እሱ አይቃጠልም። ገለበጠችው። ከጀርባው በሰማያዊ ቀለም፣ ቀኑ፣ «ወደ እንግሊዝ አገር ሄዷል» የሚል፣ ከሥሩም የቼሼክ አድራሻ ተጽፏል።

«የእኔ እጅ ጽሕፈት ነው» አለች ቦዤና ቀስ ብላ። «አሁን ትዝ አለኝ። ላሳውቅ ብሎ የመጣ እሱ ብቻ ነበር። እኔም ለመዝጋቢው ክፍል የሚያስፈልገው ይህ ነው ብዬ አስቀመጥኩት። ላይ ሊወጣ እንደሚገባ አልነገረኝም።»

«አንቺስ መች ጠየቅሽው» አሉ ጌኖቬፋ።

ቦዤና ግልባጩን አውጥታ ማኅተም መታችበት። ማኅተሙ ላይ እጇን ጥቂት አቆየች።

ይግባኙ የተሰማው በኅዳር ነው። ዳኛዋ ሴት ናቸው፤ ካርዱን ሁለት ጊዜ አነበቡ። የወዲያኛው ጠበቃ፣ ቀበሌው ፍርድ ቤት አይደለም፣ ግዴታው ለተቆጣጣሪው ማሳወቅ ነው አለ። ልክ ነው። ኢሬክ ራሱ ከተቀመጠበት ራሱን ነቀነቀ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ውሳኔው በጽሑፍ ወጣ። ይህ ሰው ግዴታውን በተሳሳተ በር ለመፈጸም ሞክሯል እንጂ አልሸሸም ይላል። አድራሻው ከሄደበት ቀን ጀምሮ በራሱ አገር መሥሪያ ቤት እጅ እንደነበረ፣ ፖሊስም ከእናቱ እንደተቀበለ፣ ፓስፖርትም እንደተሰጠው፣ ማዘዣው ግን ሰባት ዓመት ያለ ምክንያት እንደተኛ ይዘረዝራል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ቤት መሥርቷል፤ ልጅ አሳድጓል፤ ሌላ ጥፋት የለበትም። ለሦስት ሞተር ሲባል ይህን ኑሮ ማፍረስ አሁን ሚዛናዊ አይደለም ይላል። ኒኮላ እንግሊዝኛውን ጮክ ብላ አነበበችልን። «ኑሮ» ከምትለው ቃል ላይ ስትደርስ አባቷ ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ።

በማግሥቱ ሰው መጥቶ መከታተያውን ቆረጠለት። ፋርዛና ስልክ ደወለችና ደስታችንን ከሰማች በኋላ ድምፅዋ ተለወጠ። «አንድ ነገር መንገር አለብኝ» አለች። «እንግሊዝ አልሰጥም አለች እንጂ ማዘዣው አልተሰረዘም። ፖላንድ ውስጥ አሁንም ይፈለጋል። ወደ ሌላ አገር ቢሻገርም ሊያዝ ይችላል። ማዘዣው እስኪነሣ ከዚህ ደሴት አይውጣ። እንዲነሣ እንጠይቃለን፤ መቼ እንደሚመልሱ ግን እግዚአብሔር ያውቃል።»

ኢሬክ ለእናቱ ራሱ ደወለ። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ጠረጴዛ ላይ ስላስቀመጠው ሁላችንም እንሰማለን።

«እማ፣ ፈረዱልኝ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ ጌኖቬፋ። «ቅድስት ድንግል ትመስገን።»

ስለ ማዘዣው ነገራቸው።

«እንግዲያ አትመጣም ማለት ነው» አሉ።

«ለጊዜው ነው እማ።»

«እስር ቤቱ እኮ እዚሁ ቅርብ ነበር። አውቶቡስ አለው። ቢሰጡህ እሑድ እሑድ እየመጣሁ አይሃለሁ ብዬ ሰዓቱን ጠይቄ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ይነሳል።» ሳል አደረጉ። «አትስማኝ ልጄ። አሮጊት ሰው የማያስበው የለም።»

ኢሬክ ጠረጴዛውን እያየ ቀረ። እኔ ወደ ስልኩ ጠጋ አልኩ። «ታዲያ እማማ፣ ለምን ካርዱን አስወጡልን?»

«አንቺ ደግሞ!» አሉኝ፣ እንደ ሞኝ። «ለልጅቷ ነዋ።»

ነሐሴ ላይ እኔና ኒኮላ ብቻ ወደ ሊፖቮ ተነሳን። ኢሬክ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ በመኪና አደረሰን። ቦርሳችንን ተሸክሞ እስከ ፍተሻው መስመር መጣ። ቢጫ መስመር ወለሉ ላይ አለ፤ ያለ ትኬት አይታለፍም። ጫማውን መስመሩ ጫፍ ላይ አድርጎ ቆመ።

ኒኮላ አልፋ ሄዳ ተመለሰች። «ታታ፣ ለአያቴ ምን ልበልልህ?»

አሰበ። «ጸጉሬ መሸበቱን አትንገሪያት።»

«በስልክ ታይሃለች እኮ!»

«ኮፍያ አድርጌ ነው የምደውልላት» አለ።

ኒኮላ አቀፈችው። እኔ ቦርሳውን ከእጁ ተቀበልኩት፤ ከኋላችን ሰልፉ እየገፋ ነበር፤ ሄድን።